«አቁሜያለሁ» ያሉ ሠላሳ አንድ ሰዎች

በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ያቺን አንድ ጥያቄ ስንት ጊዜ እንደጠየቀች ቢሰላ ራስ የሚያዞር ቁጥር ይወጣል። «ባለፉት ሰባት ቀናት፣ በቀን በአማካይ ስንት ሲጋራ አጨሱ?» ጥያቄ አሥራ ሰባት ናት። ከእሷ በፊት ስለ ቅባት፣ ስለ ጨውና ስለ አትክልት አሥራ ስድስት ጥያቄ አለ፤ ከእሷ በኋላ ስለ መጠጥ፣ ስለ እንቅልፍ፣ ስለ እግር ጉዞ፣ ስለማይድን ቁስልና ስለማይለቅ ሳል ሌላ አርባ ሰባት። ሰው ስድሳ ሦስቱን በትዕግሥት ይመልስና አሥራ ሰባተኛዋ ላይ ሲደርስ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። ጣሪያው ላይ ምን አለ? የሸረሪት ድር እንጂ መልስ አልተጻፈበትም።

የሰፈሩ ሰው «ቆጣሪዋ» ይላታል። ሲጋራ ትቆጥራለች፣ ብርጭቆ ትቆጥራለች፣ እርምጃ ትቆጥራለች፣ ወገብ በሜትር ትለካለች፣ ሚዛን ከቦርሳዋ አውጥታ ሰው ላዩ ላይ ታቆማለች። አርባ ስድስት ዓመቷ ነው። ጉልበቷ ደረጃ ሲያይ ያቃስታል፤ ምላሷ ግን ገና አልደከመም።

ጥናቱ ቀላል ነው፤ ቀላል ነገር ደግሞ ለሰው ይከብደዋል። ሰዎች በዕጣ ተመርጠው በየስድስት ወሩ ይጠየቃሉ። ግማሾቹ ስለ አኗኗራቸው ምክር ይሰጣቸዋል፣ ግማሾቹ አይሰጣቸውም። ማን እንደሚያጨስ፣ ማን እንደሚጠጣ፣ ማን እንደሚራመድ፣ ማን ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ እንደሚውል ይመዘገባል። ከዓመታት በኋላ ካንሰር ማንን እንደያዘና ማንን እንዳለፈ ይታያል። ሳይቃጠል በቅጠል ነው ነገሩ። ግን ቅጠሉ የቱ እንደሆነና ስንቱ እንደሚበቃ ለማወቅ መጀመሪያ ሰው እውነቱን መናገር አለበት። ጉዱ ያለው እዚህ ጋ ነው።

ወደዚህ ሥራ ያመጣት የአባቷ ጉሮሮ ነው። ማተሚያ ቤት ፊደል ለቃሚ ነበሩ፤ ጆሯቸው ላይ ሁልጊዜ አንድ ሲጋራ የተሰካ። ካንሰሩ መጀመሪያ ድምፃቸውን ወሰደ፤ እሳቸውን ለመውሰድ ሁለት ወር ቆየ። እሷ ያኔ የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ነበረች፣ ትምህርቷን ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጠች። አልጋቸው አጠገብ ተቀምጣ የመድኃኒት ወረቀቱን፣ የሆስፒታሉን በራሪ ጽሑፍ፣ እጇ የገባውን ሁሉ ስታነብ ያጠራቀመችው ዕውቀት ነው በኋላ ለጠያቂነት ያበቃት። ካነበበችው ሁሉ አንዲት ነገር አንጀቷ ላይ ቀርታለች፦ ይህ በሽታ ሁልጊዜ ባይሆንም ብዙ ጊዜ መንገድ ላይ ሊቆም ይችል ነበር። ሊቆም ይችል ነበር የሚሉት ነገር የመሰለ የሚያንገበግብ የለም።

የጠያቂዎች መመሪያ የመጀመሪያው ገጽ ላይ በደማቁ የተጻፈ አለ። «ጠያቂ አይመክርም፤ አይቆጣም፤ አይስቅም፤ መልሱን በፊቱ ላይ አያሳይም።» ይህን ያነበበች ቀን ጥርሷን ነከሰች። ሰው ገደል አፋፍ ላይ ቆሞ ስታዪው የገደሉን ጥልቀት ለክተሽ ተመለሺ እንደማለት ነው ብላ አሰበች። ገጹን ገለበጠችውና ከዚያ በኋላ አልከፈተችውም።

ስለዚህ ተቆጣች። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ተቆጣች። በቀን ሃያ አጨሳለሁ ያላትን ጎረምሳ «ባቡር ነህ?» አለችው። «ሳንባህን ለማን አደራ ሰጥተህ ነው እንዲህ የምትዝናናው?» ያለችውም አለ። ያሉትን ቁጥር በቅጹ ላይ በትክክል ትጽፋለች፤ አንድም ቀን ቁጥር ለውጣ አታውቅም። ግን ስትጽፍ እስክሪብቶዋ ወረቀቱን ሊቀደው ይደርሳል።

ቁጣው ፍሬ ያፈራ መሰለ። በቀጠናዋ ካሉት አርባ አራት አጫሾች መካከል አንዱ «አቁሜያለሁ» አላት። ቀጥሎ ሌላው፣ ቀጥሎ ሦስት በአንድ ዙር። ዘጠነኛው ዓመት ላይ ያቆሙት ሠላሳ አንድ ደረሱ። በሌሎቹ ጠያቂዎች ቀጠና ያቆሙት አራት፣ ቢበዛ አምስት ናቸው። የጥናቱ ኃላፊ በስብሰባ ላይ የእሷን ቀጠና ግድግዳው ላይ በትልቁ አሳየ። «ይህ ቀጠና ልዩ ነው፤ ምክንያቱን ገና እየፈለግን ነው» አለ። እሷ የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጣ ሻርፗን አስተካከለች። ምክንያቱ ከኋላ ተቀምጣለች፣ ምን ፍለጋ ያስፈልገዋል?

እንግዲህ ልብ በሉ። ከሠላሳ አንዱ ግማሾቹ ምክር ከማይሰጣቸው ወገን ነበሩ። ማንም ሳይመክራቸው ያቆሙ ማለት ነው። ይህ ብቻውን ጤነኛ ሰውን ሊያጠራጥር ይገባል። እሷን ግን አኮራት።

ከዚያ የምራቅ ብልቃጥ መጣ። የሚያጨስ ሰው ምራቅ ውስጥ የትምባሆ ርዝራዥ ለጥቂት ቀን ይቆያልና፣ ዘንድሮ ከጥያቄው ጋር ምራቅም ይሰብሰብ ተባለ። የፈቃድ ወረቀቱ «ምራቅዎ ለትምባሆ ይመረመራል» ይላል። ለእያንዳንዱ ሰው ጮክ ብላ አንብባለች። ማን ይሰማል? ወረቀት ሲነበብ ሰው የሚጠብቀው አንድ ነገር ነው። «የት ጋ ነው የምፈርመው?» ፈረሙ፣ ተፉ፣ ክዳኑን ገጠሙ።

ውጤቱ ሰኞ ጠዋት መጣ፤ ኃላፊውም አስጠራት።

«ይቀመጡ» አላት።

ስድስት ዓመት «እትዬ፣ አንቺ ባትኖሪ ምን እንሆን ነበር» ሲል የኖረ ሰው በአንድ ሌሊት ወደ «እርስዎ» ከተሻገረ ነገር አለ። ተቀመጠች።

«ከሠላሳ አንዱ፣ የሃያ ስድስቱ ምራቅ ውስጥ ትምባሆ ተገኝቷል» አለ፣ ወረቀቱን ወደ እሷ እየገፋ።

ወረቀቱን አየችው። ሁለተኛ ጊዜ አየችው።

«እነዚህ ቤቶች በእርግጥ ሄደው ያውቃሉ?» አላት።

«ታዲያ ጫማዬ የት ሄዶ ነው ያለቀው?»

«አንዳንድ ጠያቂዎች ቤታቸው ቁጭ ብለው ቅጽ ይሞላሉ። በሌላ ጥናት ደርሶብናል። እርስዎ ያደርጉታል ማለቴ ሳይሆን…»

«ማለትህ ነው እንጂ። ካልሆነ ለምን ታነሳዋለህ?»

ኃላፊው መነጽሩን አወለቀ። «እስከ ዓርብ በጽሑፍ ያስረዱኝ። ካላስረዱ የቀጠናዎ የዘጠኝ ዓመት ቅጽ በሙሉ ከጥናቱ ይወጣል።»

«እኔስ?»

«እርስዎም» አለ።

ወጣች። ዘጠኝ ዓመት በዝናብ በፀሐይ ደረጃ ስትወጣ ስትወርድ ከርማ፣ መጨረሻ ላይ ቁጥር ፈጣሪ ተብላ ልትባረር ነው። ለዚያውም ማን ዋሽቶ? ሲሳል የሰማችው፣ ግፊቱን የለካችው፣ ልጁ ስትታመምበት አብራው ያነባችው ሰው ሁሉ። ያንን ሁሉ ውለታ ረስቶ ዓይኗን እያየ «አቁሜያለሁ»።

ከባለአራት ፎቁ ሕንፃ ሥር ካለው ፀጉር አስተካካይ ጀመረች። ማክሰኞ ጠዋት ነው። ፀጉር አስተካካዩ ፊቱ በሳሙና አረፋ የተሸፈነ ደንበኛ ይላጫል። እሷ በሩ ላይ ቆመች፤ ሰላምታ አልሰጠችም።

«አቁሜያለሁ ያልከኝ መቼ ነበር?»

«ሦስት ዓመት ሊሞላኝ ነው እትዬ» አለ ፈገግ ብሎ። «ያንቺ ውለታ ነው።»

«ምራቅህ አላቆመም ብሏል።»

ምላጩ አየር ላይ ቀረ።

«ምራቅ ያወራል እንዴ?»

«ካንተ የተሻለ።»

«እንግዲህ ይህ ሁሉ ደንበኛ እያጨሰ እየመጣ፣ ጭሱ በአፍንጫዬ ገብቶ ወደ ምራቄ…»

«የፎጣውን መሳቢያ ክፈተው።»

አልከፈተውም። በመስታወቱ ውስጥ ወንበሩ ላይ ያለውን ደንበኛ አየ፤ ደንበኛውም እሱን አየ። «ክፈትላት፤ እኔም ሥራ አለኝ» አለ ደንበኛው ከአረፋው ሥር። መሳቢያው ተከፈተ። ከታጠፉት ፎጣዎች መካከል የሲጋራ ፓኬት ጥጉን ብቅ አድርጓል።

እሷ ባዶው ወንበር ላይ ተቀመጠች። የመጣችው ልትጮህ ነበር፤ በጩኸቱ ፋንታ መናገር ጀመረች። የሆነውን ነገረችው፤ ምራቁን፣ ሃያ ስድስቱን፣ ዓርብን። ቅጹን ቤቷ ቁጭ ብላ ሞልታለች መባሏን ስትነግረው ፀጉር አስተካካዩ ምላጩን አስቀመጠ።

«አንቺን? አንቺ ያልረገጥሽው ደረጃ የታለ? አንቺ ማዕዘኑን ስትዞሪ ወደ ላይ ፎቅ የምደውለው እኔ አይደለሁ እንዴ?»

«ምን ብለህ ነው የምትደውለው?»

አንዴ አምልጦታል። አንገቱን አከከ። «‹ቆጣሪዋ መጣች› ብዬ። ከዚያ መስኮት ይከፈታል፣ መተርኮሻ አልጋ ሥር ይገባል፣ ሰሃኑ ይወጣል።»

«የምን ሰሃን?»

«የብርቱካኑ ነዋ።»

ወዲያው ታያት። ቢጫ ሰሃን፣ ጠርዙ የተሸረፈ፣ አምስት ብርቱካን የተደረደረበት። አንደኛ ፎቅ አይታዋለች። ሁለተኛ ፎቅም አይታዋለች። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ደግሞ «ጎበዞች፣ ፍራፍሬ ለመዳችሁ» ብላ አመስግናበታለች። እሷ አንዱ ቤት ወገብ ስትለካ ሰሃኑ በጓሮ ደረጃ ወደሚቀጥለው ቤት ይቀድማታል ለካ።

«ብርቱካኑን ማን ይበላዋል?» አለች በመጨረሻ።

«አይበላም» አለ ፀጉር አስተካካዩ። «የጥናቱ ነው።»

አሁን ይህን ሕዝብ ምን ትሉታላችሁ? አንዲት ሴት እንዳትከፋ ብሎ ብርቱካን ደረጃ ለደረጃ ያሯሩጣል፤ ያንን ብርቱካን ልጦ ለራሱ ቢበላ ግን ይሞታል። ሲጋራውን ሊያቆምላት አልቻለም፤ ሊዋሽላት ግን ሕንፃው በሙሉ ተደራጀ።

«ለምን?» አለች።

«ይሉኝታ ነው እትዬ። ስታዝኚ ማየት አይሆንልንም።»

«ስታዝኚ አይደለም፣ ስትቆጪ ነው» አለ ደንበኛው።

«አንተ ደግሞ ማን ነህ?»

«ሦስተኛ ፎቅ፣ በስተግራ። አረፋው ነው ያሳሳተሽ። እኔም ካቆሙት አንዱ ነኝ።»

ሰማያዊ ማኅደሯን ከፈተች። አዲስ ቅጽ አወጣች። «እሺ። እንደ አዲስ እጠይቃለሁ፣ እውነቱን ትነግሩኛላችሁ፣ ትፈርማላችሁ። አልቆጣም።»

ሁለቱ ሰዎች በመስታወቱ ውስጥ ተያዩ።

«አልቆጣም አልኩ» አለች። «ባለፉት ሰባት ቀናት፣ በቀን በአማካይ ስንት ሲጋራ አጨሱ?»

«አሥራ አምስት» አለ ፀጉር አስተካካዩ ወለል ወለሉን እያየ። «ገበያ ከቀዘቀዘ አሥራ ስምንት።»

እስክሪብቶዋን ወረቀቱ ላይ አሳረፈች። ግን ደንበኛው ከጨርቁ ሥር አንድ ጣቱን አውጥቶ ወደ መስታወቱ ጠቆመ። «እዪው፤ እዪው ፊትሽን።»

ቀና አለች። የፀጉር ማስተካከያ ቤት መስታወት ደግሞ ምሕረት የለውም፤ ከፊትም ከኋላም ያሳያል። ቅንድቦቿ ተጋጥመዋል። ከንፈሯ እንደ ተሰፋ ኪስ ጥብቅ ብሏል። አፍንጫዋ ተነፍቷል። ይህ ፊት ሲጋራ ቀርቶ የራስን ስም ለመናገርም ያስፈራል። ሠላሳ አንድ ሰው ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሲያየው የኖረው እንግዲህ ይህን ነው። መልሱን በፊቱ ላይ አያሳይም የሚለው ዓረፍተ ነገር አሁን ገባት፤ ገብቶም አናደዳት። ዘግይቶ የሚገባ ነገር ሁሉ ያናድዳል።

ወንበሩን አዞረችና ለመስታወቱም ለሰዎቹም ጀርባዋን ሰጥታ ጻፈች። አሥራ አምስት።

ማክሰኞንና ረቡዕን እንዲህ ስታደርግ ዋለች። ወረቀቱ ላይ አቀርቅራ፣ ጉንጯን ከውስጥ ነክሳ። አሥራ ሁለት። ሃያ። ስምንት፣ ግን ቅዳሜ አይቆጠርም ያለ አለ፤ ለምን ቅዳሜ እንደማይቆጠር እንኳ አልጠየቀችም። የእውነት ያቆሙት አምስቱ ደግሞ ተቀየሙ። «እኔ በላቤ ነው ያቆምኩት፣ ከእነዚህ ጋር ለምን ታነካኪኛለሽ?» ብላ በሩን የዘጋችባት ነበረች። ትክክል ናት።

ሐሙስ ከሰዓት አንድ ቅጽ ብቻ ቀረ። አራተኛ ፎቅ፣ አክስቷ።

አክስቷ የአባቷ ታናሽ እህት ናቸው፤ ልብስ ሰፊ። አባቷ ከሞቱ በኋላ የቀሯት ሰው እሳቸው ናቸው። ጠያቂ ዘመዱን መጠየቅ የለበትም፤ ይህም በዚያው መመሪያ ላይ አለ። ዕጣው ሲወጣባቸው ግን ለቢሮው አልተናገረችም፤ ለሌላ ጠያቂ አሳልፋ መስጠት አልሆነላትም። እውነት የምትለምን ሴት የራሷን እንዲህ ደብቃ ኖራለች።

«ነይ ግቢ» አሉ አክስቷ ከስፌት መኪናው ሳይነሱ። «ታች ያሉት ደውለዋል። ሰሃኑን መልሰን ልከነዋል።»

«እርስዎም በሰሃኑ?»

«የመጨረሻው ፎቅ ስለሆንኩ እኔ ጋ ሲደርስ ብርቱካኑ ይደርቃል። ታገስኩት እንጂ።»

ተቀመጠች። ማኅደሩን ጉልበቷ ላይ አደረገች። አክስቷ ክር በጥርሳቸው በጠሱና ዓይን ዓይኗን አዩዋት።

«የዛሬ ስምንት ዓመት ስትጠይቂኝ አምስት ነው ብዬሽ ነበር። ምን እንዳልሽኝ ታስታውሻለሽ?»

«አላስታውስም።»

«እኔ አስታውሳለሁ። ‹አባቴን ቀብሬያለሁ፤ እርስዎን ግን አልቀብርም፣ ሌላ ቀባሪ ይፈልጉ› አልሽኝ። ከዚያ ወዲያ ዜሮ አልኩሽ። በዚህ ዕድሜ ቀባሪ ማጣት ከባድ ነው ልጄ።»

ቅጹን አወጣች። ጥያቄ ብቻ ነበራት፤ ከአንደኛው ጀመረች። አሥራ ሰባተኛዋ ላይ ስትደርስ አክስቷ ጣሪያውን አላዩም።

«አሥራ አንድ።»

ጻፈችው። አሥራ አንድ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ግድግዳው ይሰማት ነበር። ቀጠለች፤ ስለ መጠጥ፣ ስለ እንቅልፍ፣ ስለ እግር ጉዞ። አርባ አንድ ላይ ደረሰች።

«በአፍዎ ውስጥ ከሦስት ሳምንት በላይ የቆየ ቁስል ወይም ነጭ ምልክት አለ?»

አክስቷ የመኪናውን መዘውር በእጃቸው አንድ ጊዜ አዞሩት። መርፌው ወረደ፣ ወጣ።

«አለ።»

እስክሪብቶው ቆመ። የሚቀጥለውን መስመር አነበበች። «ከመቼ ጀምሮ?»

«ዓመት ሆኖታል። ከዚያም ሳይቀድም አይቀርም።»

«ባለፈው ዙር የለም ብለውኛል።» ይህ ቅጹ ላይ የለም፤ አምልጧት ነው።

«አለ ብልሽ ከምን መጣ ትይኛለሽ። ከዚያ ያቺው አሥራ ሰባተኛ ትመጣለች። ከዚያ ፊትሽ ይመጣል» አሉ አክስቷ። «ባትቆጪ ነግሬሽ ነበር።»

አንድ ዓመት። አንድ ዓመት ሙሉ እዚሁ ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ ከቁስሉ አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት፣ «የለም» ብላ ጽፋ፣ የተሸረፈውን ሰሃን አመስግና ሄዳለች። ሳይቃጠል ልትደርስ የተቀጠረችው እሷ ናት፤ ጭሱን የደበቀባት ግን የራሷ ቁጣ ነው። ልትጮህ ፈለገች፤ የምትጮህበት ሰው ቢኖር ኖሮ ራሷ ነበረች።

የቀሩትን ሃያ ሦስት ጥያቄዎች በአንድ ድምፅ ጠየቀች። መልሶቹን ጻፈች። አክስቷ ፈረሙ። ማኅደሩን ዘጋችና ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።

«አሁን ጠያቂ አይደለሁም» አለች። «ጫማዎን ያድርጉ፣ ክሊኒኩ አሥራ አንድ ሰዓት ይዘጋል።»

«ትቆጪኛለሽ?»

«መንገድ ላይ።»

መንገድ ላይ ግን ቃል አልወጣትም። ክንዳቸውን ይዛ ሄደች፤ አክስቷ ዝምታው አስፈርቷቸው ሁለት ጊዜ ቆመው ፊቷን አዩ።

ዓርብ ሠላሳ አንዱን ቅጽ ኃላፊው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠች። ከላያቸው በእጅ ጽሑፍ አንድ ገጽ አለ። «ቅጾቹን ቤቴ አልሞላኋቸውም። ሰዎቹ ቤት ሄጄ የነገሩኝን ነው የጻፍኩት። እንዲዋሹ ያደረግኋቸው ግን እኔ ነኝ። መመሪያችሁ አትቆጡ ይላል፤ እኔ ዘጠኝ ዓመት ተቆጥቻለሁ። በተጨማሪ አራተኛ ፎቅ ያሉት አክስቴ ናቸው፤ ይህንንም ደብቄያለሁ። ምራቁን ደግማችሁ መርምሩ፤ ከአዲሱ ቅጽ ጋር ይገጥማል።»

ኃላፊው ሁለት ጊዜ አነበበው። «ብርቱካን ያሉት ምንድን ነው?» አለ፤ በገጹ ግርጌ ስለ ሰሃኑም ጽፋ ነበርና። ነገረችው። ሊስቅ ፈልጎ አፉን በእጁ ሸፈነ፤ እሷ ግን አልሳቀችም።

አልተባረረችም። የቀጠናዋ የዘጠኝ ዓመት ጥያቄ አሥራ ሰባት በሙሉ ተሰረዘ፤ ያ ሁሉ ደረጃ በአንድ ቀይ መስመር። በሚቀጥለው ዙር ከጎኗ ታዛቢ ይቀመጣል። አክስቷ ለሌላ ጠያቂ ተሰጡ። «እርስዎ»ውም ወደ «አንቺ» አልተመለሰም።

የአክስቷ ቁስል ተቆርጦ ተመረመረ። ሐኪሟ ገና ካንሰር አልሆነም፣ ወደዚያ እየሄደ ነበር አለች፤ በየሦስት ወሩ ይታያል፣ ሲጋራው ካልቆመ ደግሞ ዋስትና የለም። ዋስትና የለም የምትለውን አክስቷ እንዳልሰሙ ሆኑ።

ስድስት ወር አለፈ። አዲሱ ጠያቂ ወፍራም፣ ባለመነጽር፣ ፊቱ እንደ ሊጥ ምንም የማይነበብበት ሰውዬ ነው። እሱ አራተኛ ፎቅ ሲገባ እሷ ሦስተኛ ፎቅ ሥራዋን ጨርሳ ታዛቢዋን ሸኝታ ነበር። መሄድ ነበረባት፤ አልሄደችም። ደረጃውን ወጥታ፣ በሩ አጠገብ የመጨረሻው እርከን ላይ ተቀመጠች። በሩ ስስ ነው፤ ሁሉ ነገር ይሰማል። ጨው፣ ቅባት፣ አትክልት። ሰውየው እንዴት ያለ ቀርፋፋ ነው።

«ባለፉት ሰባት ቀናት፣ በቀን በአማካይ ስንት ሲጋራ አጨሱ?»

«አራት» አሉ አክስቷ።

አራት። አራቱስ ለምን ቀረ? ከአሥራ አንድ ሰባቱን የጣለ ሰው አራቱን መጣል ያቅተዋል? የቆረጡለትን አፍ መልሶ በጭስ የሚያጥን ሰው…

«ከበሩ ውጭ ላለችውም ንገራት» አሉ አክስቷ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። «አራት ነው፤ አምስት አይደለም። እውነቴን ነው።»

እሷ ደረጃው ላይ እንደተቀመጠች የሻርፗን ጫፍ አፏ ውስጥ ከትታ በጥርሷ ያዘችው። ሰውየው ወደ ጥያቄ አሥራ ስምንት አለፈ።